ለመጀመሪያ ጊዜ ብቻዬን ሐረር ልሂድ ወይ? ላልሽው

ጥያቄሽን እንዲህ ነው የተረዳሁት፦ የዓመት ፈቃድ ወስደሻል፣ አብረውሽ ሊሄዱ የነበሩት ጓደኞችሽ አንድ በአንድ ቀርተዋል፣ ልብሽ ግን ሐረርና ድሬዳዋ ነው። እናትሽ «ሴት ልጅ ብቻዋን ምን ልትሠራ?» ብለዋል። አንቺ ደግሞ እንዳይሰለችሽ ፈርተሻል፤ ምግብ ቤት ብቻሽን ስትገቢ ሰው ምን እንደሚልም አሳስቦሻል። እኔም መጀመሪያ ብቻዬን የሄድኩት እዚያው ሐረር ስለሆነ ረዘም አድርጌ ልመልስልሽ።

ሂጂ። መሰልቸቱን ተይው፤ እኛ አገር ብቻሽን ብትሄጂም ብቻሽን የሚተውሽ የለም። እኔ የሄድኩት በአውቶቡስ ነበር። አጠገቤ የተቀመጡት እናት ገና ናዝሬት ሳንደርስ የማን ልጅ እንደሆንኩ፣ ለምን እንዳላገባሁ፣ ሐረር ማን እንደሚቀበለኝ ጠይቀው ጨረሱ። የሚቀበለኝ እንደሌለ ስነግራቸው ከልባቸው ደነገጡ። ከዚያ ወዲያ የእሳቸው ኃላፊነት ሆንኩ፤ መተሐራ አካባቢ ያን ጥቁር የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ሜዳ ስናቋርጥ «መስኮቱን ዝጊ፣ አቧራው ያሳልሻል» እያሉ፣ አሰበ ተፈሪ ለምሳ ስንወርድ ከእሳቸው ሰሃን ካልበላሽ እያሉ። ቁልቢ ስንደርስ ለገብርኤል እጃቸውን ዘርግተው የልጆቻቸውን ስም ሲጠሩ የእኔንም ስም ጨመሩበት። ከጓደኞቼ ጋር ብሆን ኖሮ ፊታችንን ወደ እርስ በርሳችን አዙረን፣ አዲስ አበባ የጀመርነውን ወሬ እያወራን ሐረር በገባን ነበር። እኒያን እናት አላውቃቸውም ነበር ማለት ነው።

ምግብ ቤቱን በተመለከተ ፍርሃትሽ ከንቱ አይደለም። «ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል» እየተባልን ነው ያደግነው፤ ብቻውን የሚበላ ሰው ወይ የተጣላ ወይ ስስታም ይመስለናል። ስለዚህ ከቁርስ ጀምሪ። ቁርስ ቤት ውስጥ ሁሉም ቸኩሎ ስለሆነ የሚበላው ማንም ማንንም አያይም። እኔ የመጀመሪያውን ቀን ፉሌን የበላሁት በሩ አጠገብ፣ ልሸሽ እንደተዘጋጀሁ ሆኜ ነው። በማግሥቱ አስተናጋጁ ሳላዝዘው «ቃሪያው ይብዛበት አይደል?» ሲለኝ ነገሩ አለቀ፤ የቤቱ ደንበኛ ሆኛለሁ።

አሁን ወደ ደስታው ልምጣ። ሐረር ውስጥ መኪና ግርግር የሚባል መንገድ አለ፤ ስሙ ከልብስ ስፌት መኪናዎቹ ድምፅ የመጣ ነው። ልብስ ሰፊዎቹ በሁለቱም በኩል ደጃፍ ላይ ተደርድረው ይሰፋሉ፤ ጨርቁ ከጀርባቸው ካለው ሱቅ ይገዛል። አንድ ብርቱካንማ ሳሳ ያለ ጨርቅ ወደድኩና ድሪያ የሚባለው ሰፊ ቀሚስ እንዲሰፋልኝ ለአንድ ሽማግሌ ሰጠሁ። «ትጠብቂያለሽ ወይስ ትመለሺያለሽ?» አሉኝ። ጠበቅሁ። ዱካ ላይ ተቀምጬ እግራቸው ፔዳሉን ሲረግጥ፣ ጣታቸው ጨርቁን በመርፌው ሥር ሲያንሸራትት፣ ክር ሲበጠስ በጥርሳቸው ቆርጠው በአንድ ትንፋሽ ሲሰኩ አየሁ። ሰዎች እየቆሙ ከእሳቸው ጋር በአደርኛ፣ በሐረሪዎቹ ቋንቋ፣ ሰላምታ ይለዋወጣሉ፣ ወዲያው ወደ ኦሮምኛ፣ ወዲያው ለእኔ ሲሉ ወደ አማርኛ ይዞራሉ። ጠዋቱ በሙሉ በዚያ አለቀ። በቡድን የሄደ ሰው እንዲህ ያለ ጠዋት የለውም፤ አንዱ ይርበዋል፣ አንዱ ፀሐዩ ይመታዋል፣ አንዱ «ሙዚየሙ ይዘጋብናል» ይላል። ሙዚየሙም ቢሆን መታየት ያለበት ነው፤ ራስ ተፈሪ ይኖሩበት በነበረው ቤት ውስጥ ያለው የሸሪፍ ሙዚየም የድሮ ጽሑፎችን፣ ጌጣጌጥንና ሳንቲም ይዟል። እኔ ግን ለድሪያው ስል በሌላ ቀን አየሁት፤ ማንንም ሳላስፈቅድ።

በግንብ የታጠረው የሐረር አሮጌ ከተማ፣ ጀጎል፣ በ1998 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበ ነው። በግንቡ ውስጥ 82 መስጊዶች አሉ፤ ሦስቱ ከ10ኛው ክፍለ ዘመን የቆዩ ናቸው። ከታሪካዊዎቹ አምስት በሮች በየትኛውም ግቢ፣ ካርታ አትያዢ፤ መንገዶቹ ጠባብና ጠመዝማዛ ቢሆኑም ወደየትም ብትሄጂ መጨረሻሽ ግንቡ ስለሆነ መጥፋት አይቻልም። ማደሪያ የሚሰጡ የአደሬ ቤቶችም አሉ፤ አቅምሽ ከፈቀደ እዚያ እደሪ። ቀይ የተቀባው መደብ፣ ነደባ የሚሉት፣ በየደረጃው ምንጣፍ ተነጥፎበት፣ ግድግዳው ላይ ሰፌዱና ሙዳዩ ተሰቅሎ ታገኚዋለሽ፤ ጠዋት የቤቱ እመቤት ጋር ቡና መጠጣት ከማንኛውም አስጎብኚ ይበልጣል።

ከሰዓት በኋላ ከተማው ዝም ይላል። የበርጫ፣ የጫት መቃሚያ፣ ሰዓት ነው፤ ብዙ ሱቅ ይዘጋል፣ ወንዶቹ ይጠፋሉ። አንቺም ተኚ። ለጓደኛ ይሉኝታ ሳይኖርሽ ቀን ላይ መተኛት ራሱ የጉዞው አካል ነው።

የመጀመሪያው ምሽት ግን ይከብዳል፤ አልዋሽሽም። ፀሐይ ስትገባ ሁሉም ወደ ቤቱ ሲሮጥ «እኔ እዚህ ምን እሠራለሁ?» ያሰኛል። ስልክሽን ይዘሽ ከአዲስ አበባ ሰዎች ጋር መጻጻፍ ከጀመርሽ ይብሳል። እኔ የወጣሁበት መንገድ ጅቦቹ ናቸው። ምሽት ላይ ከግንቡ ውጪ ጅብ የሚመግቡ ሰዎች አሉ፤ ስጋውን አጭር እንጨት ጫፍ ላይ አንጠልጥለው ይሰጡሻል። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልንገርሽ፦ በጓደኞቼ መካከል ፈሪዋ እኔ ነኝ። ውሻ ሲጮህ እኔ እጮኻለሁ፣ ሊፍት ሲቆም እኔ አለቅሳለሁ፤ ድርሻዬ ነው፣ ሁሉም ይስቃል። ያን ማታ ጅቡ ቀርቦ ትንፋሹ እጄ ላይ ሞቅ ሲለኝ፣ ስጋውን መንጭቆ ሲወስድ እንጨቱ እስከ ክንዴ ሲነዝረኝ፣ ጩኸቱን ከእኔ የሚጠብቅ ሰው አልነበረም። አልጮህኩም። ሁለተኛ ስጋ ጠየቅሁ። ብቻ መጓዝ ደፋር ያደርጋል የሚሉ ሰዎች አሉ፤ እኔ አይመስለኝም። የሚያውቁሽ ሰዎች የሰጡሽን ጠባይ ጥቂት ቀን ቤት ጥለሽው ትሄጃለሽ፣ ይኸው ነው። ስትመለሺ ቆሞ ይጠብቅሻል፤ እኔም አሁንም ሊፍት እፈራለሁ።

ስለ ደኅንነት። የምሥራቁ መንገድ ጸጥታ ከወቅት ወቅት ይለያያልና ከመነሣትሽ በፊት በዚያ ሰሞን የተመላለሱ ሹፌሮችን ጠይቂ፤ በማታ የሚጓዝ ተሽከርካሪ ላይ አትሳፈሪ። ገንዘቡ ካለሽ በአውሮፕላን ድሬዳዋ አንድ ሰዓት ገደማ ነው፤ ከዚያ ሚኒባሶች የደንገጎን ዳገት ወጥተው ሐረር ያደርሱሻል። ባቡርም አለ፤ የድሬዳዋው አዲሱ ጣቢያ ከከተማ ውጪ ስለሆነ ከወረድሽ በኋላ ሌላ መጓጓዣ ያስፈልግሻል። ሆቴል በቀን ብርሃን ግቢ፣ ክፍሉን ሳትከፍይ እይው፣ ቁልፉን ከውስጥ ሞክሪው። ወደ ጅቦቹ የሚወስድሽ ባጃጅ እዚያው ጠብቆ እንዲመልስሽ አስቀድመሽ ዋጋ ተነጋገሪ። ነጠላ ወይም ሻሽ ያዢ፤ ለመስጊዱም ለፀሐዩም ይሆናል። ሰው ፎቶ ከማንሣትሽ በፊት አስፈቅጂ። ለካፊ አዲስ አበባ እንዳለው እዚያም አለ፤ እኔን ያዳነኝ ወደ ቅርቡ ሱቅ ገብቶ ባለቤቷን «እናቴ፣ ይህ ሰው እየተከተለኝ ነው» ማለት ነው። ቀሪውን እሳቸው ይጨርሱታል።

እናትሽን በክርክር አታሸንፊያቸውም፤ አትሞክሪ። የሆቴሉን ስምና ስልክ ጽፈሽ ስጫቸው፣ በየማታው የምትደውይበትን ሰዓት ንገሪያቸው፣ በዚያችው ሰዓት ደውይ። ባልሽው ሰዓት መደወልሽ ከመቶ ማብራሪያ የበለጠ ያሳምናቸዋል።

ድሬዳዋን ለመጨረሻ አቆዪው። ሞቃት ነው፤ ከሐረር ብርድ በኋላ ይጣፍጣል። ከተማው ባቡሩ በ1895 ዓ.ም. ሲደርስ የተቆረቆረ ስለሆነ አሮጌውን የፈረንሳዮች ጣቢያ ሳታዪ አትመለሺ፤ ከዚያ በከዚራ ሰፈር ዛፎች ጥላ ሥር እየሄድሽ፣ የደቻቱን ወንዝ ተሻግረሽ መጋላ ገበያ ግቢ። ቁርስሽን ፈጢራ በእንቁላልና በማር አድርጊው። ለአንድ ሰው ይበዛል፤ ግማሹን አስጠቅልለሽ ለመንገድ ያዢው።