«በእጅ የተሠራ መሆኑን አረጋግጡ» ሲባል፦ ጥያቄና መልስ

በእንጦጦ ግርጌ፣ ሽሮ ሜዳ፣ ከሸማኔዎች ጋር እየሠራሁ ምርታችንን በኢንተርኔት ገበያ ለውጭ አገር ገዢዎች አቀርባለሁ። ገበያዎቹ የዕቃውን በእጅ መሠራት እንድናረጋግጥ ሲጠይቁ ምን ማድረግ እንደሚገባ ከአዲስ አበባና ከዳርቻዋ ያሉ ባለሙያዎች ስለጠየቁኝ በየተራ እመልሳለሁ።

ከቡራዩ፦ የጥበብ ቀሚሴን ገበያው አግዶ የፋብሪካ ምርት አለመሆኑን እንዳሳይ ጠየቀኝ። ፎቶዎቹ ግልጽ ናቸው፤ ሌላ ምን ልላክ?

እኅቴ፣ የገበያው መርማሪ ጨርቁን ሊዳስሰው አይችልም፤ የጥለት ቅርጽ የታተመበት የፋብሪካ ጨርቅም ከሩቅ ሲነሣ ከሸማኔ ሥራ አይለይም። ስለዚህ ጥለቱን ገልብጠው ጀርባውን በቅርበት ያንሡት። በሸማኔ እጅ የገባ ጥለት ክሩ ከኋላም ይታያል፤ ከአንዱ ቅርጽ ወደ ሌላው የተሻገረበትና ጫፉ የቀረበትም ቦታ ይለያል፤ በታተመው ጨርቅ ጀርባ ግን የሚገኘው የደበዘዘ ቀለም ብቻ ነው። ቀጥሎም ጨርቁን ብርሃን ላይ ዘርግተው ያንሡት፤ በእንዝርት የተፈተለ ማግ (በወርድ የሚገባው ክር) አንዱ ጋ ወፍሮ ሌላው ጋ ስለሚቀጥን በብርሃን ፊት ወጣ ገባነቱ ፍንትው ብሎ ይታያል።

ከሁሉም የበለጠ ዋጋ ያለው ግን ያልተቆራረጠ ቪዲዮ ነው። ሸማኔው እግሩን ጉድጓዱ ውስጥ አድርጎ መወርወሪያውን ሲያሳልፍ ይቅረጹና፣ ቀረጻውን ሳያቋርጡ በመሸመን ላይ ያለውን ጥለት ለሽያጭ ካቀረቡት ቀሚስ ጥለት ጋር ጎን ለጎን ያሳዩ። ብዙዎቻችን የምንልከው ያማረ የሽመና ቪዲዮ የሚያስረዳው ሸማኔ መኖሩን እንጂ ይህ ቀሚስ የእርሱ ሥራ መሆኑን አይደለም፤ መርማሪው የሚፈልገው ሁለተኛውን ነው።

ከሰበታ፦ ፈትሉን የምገዛው ደረሰኝ ከማይሰጡ እናቶች ነው፤ ድሩ (በቁመት የሚዘረጋው) ደግሞ የፋብሪካ ክር ነው። ይህ ያስጥለኛል?

አያስጥልዎትም፤ የሚያስጥለው «ሙሉ በሙሉ በእጅ የተፈተለ» ብሎ መጻፍ ነው። «ድሩ የፋብሪካ ክር፣ ማጉ በእጅ የተፈተለ፣ ሽመናው በእጅ» ብለው እንደሆነው ይግለጹ፤ የሸማኔው ድካም በዚህ አያንስም፣ እንዲያውም እንዲህ ያለ ዝርዝር የሚያውቀው ሠሪው ብቻ በመሆኑ ቃልዎን ያጠነክረዋል። ለፈትሉ መዝገብ ይክፈቱና ቀኑን፣ መጠኑን፣ ዋጋውንና የፈታይዋን ፊርማ ያስፍሩ፤ የድሩን ክር ከሱቅ ሲገዙ ግን ደረሰኝ ሳይቀበሉ አይውጡ።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያስተውለው የዘመን አቆጣጠር ጉዳይ አለ። በ2017 ዓ.ም. የተጻፈ ሰነድ፣ አቆጣጠራችንን ለማያውቅ መርማሪ ከትክክለኛው ጊዜ ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ቀድሞ የተዘጋጀ ይመስለዋል፤ እውነተኛ ሰነድ በዚህ ብቻ ሊጠረጠር ይችላል። መዝገብዎ ላይ የእኛንም የፈረንጆቹንም ቀን ይጻፉ፤ ከደረሰኙም ጋር የቀኑን ትርጉም አያይዘው ይላኩ።

ከለቡ፦ አሜሪካ ያለች እኅቴ እኔ የማሠራውን ነጠላ በራሷ ስም ኤትሲ በተባለው የኢንተርኔት ገበያ ላይ ብትሸጥስ?

እ.ኤ.አ. በ2005 የተመሠረተው ኤትሲ፣ ከ2024 ወዲህ አንድ ዕቃ በሻጩ የተሠራ ነው ወይስ በሻጩ የተነደፈ የሚለውን እንዲለይ አድርጓል። የሌላን ሰው የእጅ ሥራ ገዝቶ የራስ አስመስሎ መሸጥ በደንቡ አይፈቀድም። እኅትዎ ንድፉን በእርግጥ የምታወጣ ከሆነ ሸማኔዎቹን አብረዋት የሚያመርቱ አጋሮች አድርጋ በግልጽ ታስታውቅ፤ ንድፉ ላይ እጇ ከሌለበት ግን ይህን መንገድ አልመክርም። እ.ኤ.አ. በ2015 የተጀመረው የአማዞን የእጅ ሥራ ክፍልም ሻጩን ከመቀበሉ በፊት ስለ አሠራሩ ጠይቆ ይመረምራል። ሸማኔውን መደበቅ ደግሞ ከደንብ መጣስም በላይ ነው፤ ምስጋናው የሚገባው ለእርሱ ነው።

ከቀጨኔ፦ እኛ የምንሠራው ጀበና ነው። ለሸክላ ምን ማስረጃ ይቀርባል?

ጭቃው ገና እርጥብ ሳለ ከጀበናው ሥር ትንሽ ምልክት ይጫሩ፤ ከዚያም ያንኑ ጀበና ከመተኮሱ በፊትና ከተተኮሰ በኋላ ምልክቱ እንዲታይ አድርገው ያንሡት።

ከሱሉልታ፦ ሌላ ሻጭ ፎቶዬን ወስዶ ተጠቀመበት፤ ገበያው ግን የጠረጠረው እኔን ነው።

መርማሪዎች ፎቶን በኢንተርኔት ስለሚያፈላልጉ ይህ በእርግጥ ያጋጥማል፤ ንጹሕ ሰው ሲጠረጠርም ያሳዝናል። የሚያድንዎት ካሜራው ቀንና ሰዓት የመዘገበበት ዋናው ፋይል ነው። ፎቶ በቴሌግራም እንደ ተራ ምስል ሲላክ ጥራቱም ይቀንሳል፣ ይህ መረጃም ይጠፋል፤ ስለዚህ ሸማኔው ወይም ልጅዎ ፎቶ ሲልኩልዎ «እንደ ፋይል» እንዲልኩ ይንገሯቸው፤ ዋናውንም ከስልኩ አያጥፉ። በዚያው ዕለት የተነሡትንና ለሽያጭ ያላወጧቸውን ሌሎች ፎቶዎች ጨምረው ይላኩ፤ ፎቶዎን የወሰደው ሰው እነርሱን ሊያቀርብ አይችልም።