ወሎ ለሥራ ለምትመጡ ልጆቼ

ደሴ፣ ኮምቦልቻ፣ ወልድያ፣ ከዚያም አልፋችሁ ላሊበላና ሰቆጣ ሥራ ፍለጋ ልትመጡ ላሰባችሁ ነው የምጽፈው። የወሎ ሰው እንግዳ ይወዳል፤ ቡና ሳትጠጡ አያሳልፋችሁም። ቅጥር ግን የራሱ መንገድ አለው። እንግዳ ሰው ብዙ ጊዜ ችሎታ እያለው የሚቀረው ወረቀቱ ጎድሎ ወይም ተያዥ አጥቶ ነው።

ከቀበሌያችሁ መሸኛ ሳትይዙ አትነሡ። ያለ መሸኛ አዲሱ ቀበሌ ነዋሪ አድርጎ ሊመዘግባችሁ ይቸገራል፤ መታወቂያ ከሌለ ደግሞ አከራዩም ቀጣሪውም ይጠራጠራል። ለአንዲት ደብዳቤ ከደሴ አዲስ አበባ ደርሶ መልስ 800 ኪሎ ሜትር ያህል መመላለስ ያሳዝናል። ፋይዳም አውጡ። ከቴክኒክና ሙያ የወጣችሁ፣ የብቃት ማረጋገጫችሁ ማስታወቂያው ከሚጠይቀው ደረጃ ጋር መግጠሙን እዩ፤ ደረጃ 4 በተጠየቀበት ደረጃ 3 ይዞ መቅረብ ድካም ብቻ ነው።

ከሁሉ በላይ ስማችሁን ፊደል በፊደል አመሳክሩ። መታወቂያው ላይ መሐመድ፣ የ12ኛ ክፍል ካርዱ ላይ ሙሃመድ፣ ዲግሪው ላይ ሞሐመድ የሆነበት ልጅ እዚህ አገር ብዙ ነው። የአያት ስም ሲለያይ ደግሞ ይብሳል፤ መዝጋቢው ሰነዱ የሌላ ሰው ነው ብሎ ቢመልሳችሁ መብቱ ነው። ማስተካከያ የሚሰጠው ሰነዱን ያወጣው ተቋም ስለሆነ ይህን ጨርሳችሁ ኑ።

የመንግሥት ቅጥር ማስታወቂያ ዛሬም በየወረዳው ግቢ በር ሰሌዳ ላይ ይለጠፋል። «ከወጣበት ቀን ጀምሮ ለ5 ተከታታይ የሥራ ቀናት» ሲል ቆጠራው የሚጀምረው ከተለጠፈበት ቀን ነው፤ እናንተ ያያችሁበት ቀን አይታሰብም። ስለዚህ በየከተማው ሰሌዳውን በፎቶ አንስቶ የሚልክላችሁ አንድ ሰው ይኑራችሁ። ስታነቡ መጀመሪያ የትምህርት ዘርፉን፣ ቀጥሎ የሥራ ልምዱን፣ ከዚያ የሥራ ቦታውን እዩ። ቦታው ራቅ ያለ ቀበሌ ከሆነ ተመዝጋቢው ያንሳል፤ የሥራ ልምዳችሁ ዜሮ ዓመት ለሆነ እውነተኛው በር እዚያ ነው። ዓርብ ቢሮ ስትሄዱ ከ5:30 እስከ 7:30 የጁምዓና የምሳ ሰዓት መሆኑን አትርሱ።

አሁን ወደ ተያዡ። ገንዘብ ያዥ፣ ንብረት ክፍል፣ ሽያጭና ጥበቃ ያለ ዋስ አይቀጥሩም፤ ዘመድ ለሌለው እንግዳ ደግሞ ትልቁ ግድግዳ ይህ ነው። ሰው ከመለመናችሁ በፊት የዋስትና ቅጹን ከቀጣሪው ጠይቃችሁ አንብቡ። አንዱ መሥሪያ ቤት ደመወዝተኛ ዋስ ብቻ ይቀበላል፤ ዋሱ ከመሥሪያ ቤቱ ደመወዙን የሚገልጽ ደብዳቤ ማጻፍ አለበት። ሌላው የታደሰ ንግድ ፈቃድ ወይም የቤት ካርታ ይበቃዋል። ለሌላ ሰው ዋስ የሆነ ሰው ብዙ ጊዜ ተቀባይነት አያገኝም፤ እሱን ለምናችሁ ቀናት አታባክኑ። ገንዘብ ቢጎድል የሚከፍለው እሱ መሆኑን ለዋሳችሁ በግልጽ ንገሩት፤ ያላወቀ ዋስ ሲያውቅ ይወርዳል፣ ሥራውም አብሮ ይሄዳል። በገንዘብ የሚከራይ ዋስ አመጣላችኋለሁ ከሚል ደላላ ራቁ።

እንግዳ ሰው ዋስ የሚያገኘው በመኖር ነው። በረንዳ ካለው ለብቻው ከተሠራ ክፍል ይልቅ ባለቤቶቹ የሚኖሩበት ግቢ ተከራዩ። ቡና ሲጠሩአችሁ ሂዱ፤ ለቅሶ ሲሆን ድንኳን ጣሉ፣ ውኃ ቅዱ። ወሎ ላይ ክርስቲያኑ በሙስሊሙ ሐዘን፣ ሙስሊሙ በክርስቲያኑ ሰርግ የሚቆም ስለሆነ በሁለቱም ቤት ተገኙ። ይህን ለጥቅም ብላችሁ ብቻ ካደረጋችሁት ሰው ያውቅባችኋል። እስከዚያው ዋስ የማይጠይቅ ሥራ ያዙ፦ ጋራዥ፣ ግንባታ፣ ምግብ ቤት። በኪሳችሁ የ2 ወር የቤት ኪራይና ቀለብ ይኑር፤ ጤና ምርመራውና አሻራው አልቆ የመጀመሪያው ደመወዝ እስኪገባ ጊዜ ይወስዳል።

የት ልፈልግ ለምትሉ፣ ፋብሪካና ጭነት ኮምቦልቻ ነው፤ የኢንዱስትሪ ፓርኩ በ2009 ዓ.ም. ተመረቀ፣ ደረቅ ወደቡና የጅቡቲ መንገድም እዚያው ነው። ደሴ ንግድ፣ ሕክምናና ትምህርት ይበዛባታል። ላሊበላ የሆቴልና የአስጎብኚ ሥራ ከገና በፊት ይፈለጋል፤ ታኅሣሥ ላይ ከመድረስ መስከረም መድረስ ይሻላል። ባቲ ሰኞ፣ ሰንበቴ እሑድ፣ ላሊበላ ቅዳሜ ገበያ ነው፤ የቀን ሥራ ወሬ የሚሰማው ያን ቀን ነው። ወደ ሰሜን ወሎና ዋግ ስትነሡ የመንገዱን ደህንነት በዕለቱ መናኸሪያ ጠይቁ።

ስትቀጠሩ ኦሪጅናል ሰነዳችሁን ለማንም አታስቀምጡ፤ አሳይታችሁ ኮፒ ስጡ። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የሙከራ ጊዜ ከ60 የሥራ ቀናት አይበልጥም፤ ውሉ በጽሑፍ ካልሆነም ቀጣሪው በ15 ቀን ውስጥ የውሉን ዝርዝር ፈርሞ መስጠት አለበት። ጡረታ ከናንተ 7 በመቶ፣ ከቀጣሪው 11 በመቶ ነው፤ ከደመወዛችሁ ከተቆረጠ ገቢ መሆኑን ጠይቁ። ከግል ድርጅት ስትለቁ የሥራ ልምድ ደብዳቤው የተቀጠራችሁበትንና የለቀቃችሁበትን ቀን፣ የሥራ መደቡን፣ የደመወዙን መጠንና ግብር የተከፈለበት መሆኑን ይግለጽ፤ የግብሩ ነገር ካልተጻፈ ቀጣዩ መሥሪያ ቤት ልምዱን ላይቆጥርላችሁ ይችላል።