እህሉ ደህና፣ ዱቄቱ መራራ፦ ምን ሆኖ ነው?

ጥያቄ፦ በቆሎዬን ፈልፍዬ አንድ ሳምንት ፀሐይ ላይ አሰጣሁትና በጆንያ አስቀመጥኩት። በሦስተኛው ወር ሁለት ጆንያ አስፈጨሁ። እህሉ ደህና ነበር፤ ትንሽ ነቀዝ ብቻ ነው ያየሁበት። ዱቄቱ ግን ወር ተኩል እንደቆየ መረረ። ጥፋቱ የነቀዙ ነው? የቀረውንስ እህል ምን ላድርገው?

መልስ፦ ነቀዙ የራሱ ጣጣ አለው፤ እመለስበታለሁ። ምሬቱ ግን በአብዛኛው የመጣው ከወፍጮ በኋላ ይመስለኛል።

እስቲ አንድ የበቆሎ ፍሬ ይያዙና ወደ ቀጭኑ ጫፍ ይመልከቱ። በአንድ ጎኑ ለስለስ ያለ፣ ነጣ ያለ ነገር አለ። ፅንሱ ነው፤ ቢዘሩት የሚበቅለው እሱ ነው። ከፍሬው ዘይት ከአምስት እጅ አራቱ ያህል ያለው እዚያች ትንሽ ቦታ ላይ ነው። ፍሬው እስካልተሰበረ ድረስ ዘይቱ ተሸፍኖ ይቆያል። ሲፈጭ ግን ዘይቱ አየር ያገኘዋል፤ በፍሬው ውስጥ ያሉ፣ ዘይቱን የሚያፈርሱ ኢንዛይም የሚባሉ ንጥረ ነገሮችም ይደርሱበታል። ከዚያ ቀን ጀምሮ መበላሸት ይጀምራል። ሙቀት ካለ ደግሞ ይፈጥናል። ለዚህ ነው እህሉ ወራት የቆየው፣ ዱቄቱ ግን በሳምንታት የመረረው።

ፅንሱ ወጥቶ የተፈጨ ዱቄት ረጅም ጊዜ ይቆያል። ግን ቅባቱንና ብዙ ቫይታሚኑን ያጣል። ለቤት ከሆነ እኔ ሙሉውን ፍሬ እመርጣለሁ፤ የሁለት ወይም የሦስት ሳምንት ብቻ ያስፈጩ። ደግሞ ከወፍጮ የወጣ ትኩስ ዱቄት ወዲያው አይታሰርም። እንፋሎቱ ውስጥ ቀርቶ ዱቄቱን ያጓጉለዋል። ዘርግተው ያቀዝቅዙት።

አሁን ወደ ነቀዙ። «ትንሽ» ያሉት ያሳስበኛል። ሴቷ ነቀዝ ፍሬውን ቦርብራ እንቁላሏን ውስጡ ትጥልና ትደፍነዋለች። ከውጭ አይታይም። በሞቃት ቦታ ከአንድ ወር ትንሽ ቢያልፍ ነው፣ ያደገው ነቀዝ ፍሬውን በስቶ ይወጣል። ቀዳዳውን ሲያዩ ነቀዙ ወጥቷል ማለት ነው። ነቀዝ ሲበዛ እህሉን ያሞቀዋል፣ ያረጥበዋልም፤ እርጥበቱ ደግሞ ሻጋታ ይጠራል።

ስለዚህ እርጥበቱን ይለኩ። ሳምንት ሙሉ ፀሐይ ላይ ማስጣትዎ ብቻውን ምንም አይነግረኝም፤ ሰማዩ ደመናማ ከነበረ አልደረቀም። መለኪያ ከሌለዎት ጨው ይበቃል። ጨውን በመጥበሻ አድርቀው ያቀዝቅዙ። ደረቅ የመስታወት ጠርሙስ ውስጥ እስከ ሲሶው ድረስ በቆሎ፣ ከላዩ ሁለት ሦስት ማንኪያ ጨው ይጨምሩ። ከድነው ለጥቂት ደቂቃ በደንብ ይነቅንቁት፤ ከዚያ ያሳርፉት። ጨው ጠርሙሱ ላይ ከተለጠፈ እርጥበቱ ከ15 በመቶ በላይ ነው፤ እንደገና ያስጡት። ካልተለጠፈ ከ15 በታች ነው። ለወራት የሚቀመጥ ግን 13 በመቶና ከዚያ በታች ቢሆን ይመረጣል፤ ስለዚህ አንድ ሁለት ፀሐያማ ቀን ቢጨምሩለት አይጎዳም። ናሙናውን ከታችኛው ጆንያ ይውሰዱ፤ እርጥበት መጀመሪያ የሚገባው ከወለሉ ነው።

ሲደርቅ አበጥረው፣ የተሰበረውንና ቀለሙ የተለወጠውን ለቅመው፣ አየር በማያስገባ ከረጢት ያድርጉት። አፉን አጥብቀው ይሰሩ። ውስጥ የቀረውን ኦክስጅን ነፍሳቱ ራሳቸው ይጨርሱትና ይሞታሉ። መድኃኒት አያስፈልግም። እርጥብ እህል ግን እዚያ ውስጥ አይግባ፤ ይበሰብሳል።

አንድ ነገር አደራ። የሻገተ ፍሬ ካገኙ ከደህናው ጋር አይቀላቅሉ። አንዳንዱ ሻጋታ አፍላቶክሲን የሚባል መርዝ ያመርታል። መርዙ አይሸትም፣ ጣዕም የለውም፣ ምግብ ሲበስልም አይጠፋም። ጉበት ይጎዳል፤ የጉበት ካንሰርም ያመጣል። «ለዶሮ ይሆናል» ብለው አያስቡ፤ ዶሮንም ይጎዳል። ላም ከበላችው በወተቷ ወደ ልጆችዎ ይመለሳል። ይቅበሩት።

የመረረውን ዱቄትም ለቤተሰብ አያብሉ። የሻጋታ ሽታ ካለው ወይም ከተጓጎለ ለከብትም አይስጡ።