«ኔትወርክ ተምሬ ጸሐፊ ሆንኩ» ላልሽኝ ልጅ

ደብዳቤሽን ማታ አንብቤው ተኛሁ፣ ጠዋት ተነስቼ ደገምኩት፣ ስለነካኝ ነው ቶሎ የምመልሰው። ለሌሎቻችሁ ባጭሩ ልንገራችሁ፦ ልጅቷ በአይቲ ተመርቃ አንድ ባንክ ኖክ (ኔትወርኩ ቀን ከሌት የሚጠበቅበት ክፍል) ውስጥ ከገባች ዓመት ከአራት ወር ሆኗታል፣ ባለፈው ወር አለቃዋ ጠርቶ «እያንዳንዱ ዲቫይስ ከዛቢክስ (ዕቃዎቹን የሚከታተለው የሞኒተሪንግ ሶፍትዌር) ጋር እንዴት እንደሚገናኝ ዶክመንት አድርጊልን፣ የቅርንጫፍ ራውተር፣ ስዊች፣ ፋየርዎል፣ ዩፒኤስ (የመብራት መጠባበቂያው)፣ ሦስት ወር አለሽ» አላት። አብረዋት የገቡት ሁለት ልጆች ደግሞ አዲስ ቅርንጫፍ ሊያገናኙ ፊልድ ይወጣሉ፣ አበል አለው። ወንድሟ ከዱባይ «ትተሽው ነይ» ይላታል፣ እናቷ «የባንክ ሥራ እንዴት ይለቀቃል» ይላሉ፣ እሷ ደግሞ ሲሲኤንኤ (የሲስኮን የኔትወርክ ሰርተፍኬት) ልፈተን ወይስ ማስተርስ ልጀምር እያለች ነው።

ጋሼ ብለሽኛል፣ ይሁን፣ ፀጉሬም ምስክር ነው። ግን «ጸሐፊ ሆንኩ» ያልሽው ላይ አንስማማም።

እስቲ እስካሁን የጻፍሽውን ክፈቺው። «አድ ሆስት የሚለውን ተጫን፣ አይፒውን አስገባ፣ ቴምፕሌት ምረጥ፣ ሴቭ በል» የሚል ከሆነና በየመሀሉ ስክሪንሹት ብቻ ከተደረደረበት፣ አዎ፣ ጸሐፊ ሆነሻል፣ እሱን ማንም ይጽፈዋል፣ ሶፍትዌሩ ቨርዥን ሲቀየር ስክሪንሹቱም አብሮ ይሞታል። አለቃሽ የፈለገው ይሄን ነው ብዬ አላምንም፣ እሱ ራሱ ቢፈልግ እንኳን አንቺ ሌላ ስጪው፣ ስክሪኑ ላይ የማይታየውን ጻፊ።

የማይታየው ምን መሰለሽ፣ የደረሰብኝን ልንገርሽ። ድሮ የምሠራበት ቤት (ስሙ ይቅር) ሌሊት ዋናው ሲስኮ ራውተር ተቃጠለ፣ መለዋወጫ ነበረን፣ ባክአፕ ኮንፊገሬሽኑን ጫንንበት፣ ሁሉም መሥመር ተነሳ፣ ተጨባበጥን። ሞኒተሪንጉ ላይ ግን ራውተሩ ቀይ ሆኖ ቀረ። ፒንግ ይመልሳል፣ ኤስኤንኤምፒ (ሞኒተሪንጉ ዕቃውን ስለ ሁኔታው የሚጠይቅበት ቋንቋ) አይመልስም። ነገሩ ምን ነበር፣ የኤስኤንኤምፒ ቨርዥን 3 ነው የምንጠቀመው፣ ዩዘርና ፓስወርድ የሚጠይቀውን፣ ሲስኮ ላይ ደግሞ የቨርዥን 3 ዩዘሩ ራኒንግ ኮንፊግ (ዕቃው እየሠራበት ያለው ኮንፊገሬሽን) ውስጥ አይታይም፣ ግሩፑ ይታያል፣ ዩዘሩ የለም፣ ባክአፑም ውስጥ የለም ማለት ነው። ቁልፉ ራሱ ከዛ ዕቃ ኢንጂን አይዲ (የኤስኤንኤምፒ መለያው) ጋር የተሳሰረ ስለሆነ አዲስ ዕቃ ሲገባ ዩዘሩን እንደገና በእጅ መፍጠር ግድ ነው። ያንን የሚያውቀው ሰውዬ ከወር በፊት ለቆ ሄዷል፣ ፓስወርዱንም ጭንቅላቱ ውስጥ ይዞት ነው የሄደው። ሦስት ቀን ታውረን ከረምን፣ በሁለተኛው ቀን አንድ መሥመር ወድቆ የነገረን ደንበኛው ነው። እኔ ነገሩ አንገብግቦኝ ቁጭ ብዬ 11 ገጽ ጻፍኩ፣ ማንም አላዘዘኝም፣ ከዓመት በኋላ ሌላ ቦታ ኢንተርቪው ስገባ ያወራሁት ስለዚያች ሌሊት ነው፣ ሌላ ነገር ብዙም አልጠየቁኝም። ስለዚህ ፍርዴ ወደ አንድ ጎን ያዘነበለ ሊሆን ይችላል፣ እያወቅሽው አንብቢ።

አንቺ ጋም እንዲህ ዓይነት ነገር ሞልቷል። ዋናው 1 ጊጋ መሥመር ግራፉ ላይ ሁሌ ግማሽ ባዶ ይመስላል? የቱን ካውንተር (ያለፈውን ዳታ በባይት የሚቆጥረውን) እንደሚያነብ እዪ። ኢፍ ኢን ኦክቴትስ የሚባለው ባለ 32 ቢት ነው፣ 4 ቢሊዮንን ትንሽ አለፍ እንዳለ ወደ ዜሮ ይመለሳል፣ 1 ጊጋው ሙሉ ከፈሰሰ በ34 ሰከንድ ገደማ ይዞራል፣ ሲስተሙ በየ5 ደቂቃው ከጠየቀ ስንቴ እንደዞረ በምን ያውቃል? ባለ 64 ቢቱ ኤችሲ የሚባለው ነው መነበብ ያለበት። እሱ ደግሞ በቨርዥን 1 አይመጣም፣ ያ ቨርዥን 1 ብቻ የሚያወራ አሮጌ የዩፒኤስ ካርድ ካላችሁ ለብቻው ገጽ ስጪው። ሌላ፣ ስዊች ሪስታርት ሲደረግ ወይ ሞጁል ሲጨመርበት የፖርቱ ኢንዴክስ ቁጥር ሊቀየር ይችላል፣ ያኔ «የቅርንጫፍ እገሌ መሥመር» የሚለው ግራፍ የሌላ ፖርት ትራፊክ ይስላል፣ ማንም ሳይነቃ ወር ይሞላዋል። ፋየርዎሉ ላይ ዩዲፒ 161 (የኤስኤንኤምፒ ጥያቄ የሚገባበት ፖርት) ከየትኛው አይፒ እንደተፈቀደ፣ ትራፑ (ዕቃው ራሱ የሚልከው ማስጠንቀቂያ) በ162 ወደ ማን እንደሚላክ፣ ኮሚዩኒቲው (የድሮዎቹ ቨርዥኖች እንደ ፓስወርድ የሚጠቀሙበት ቃል) አሁንም «ፐብሊክ» የሆነ ዕቃ ካለ (ይኖራል፣ እመኚኝ) የት እንዳለ ጻፊ። ፓስወርድ ግን ዶክመንቱ ላይ እንዳትጽፊ፣ የት እንደተቀመጠና ማን እንደሚያወጣው ብቻ።

ደግሞ አንድ የኛ ሀገር ጣጣ አለ፣ በውጭ አገር ማኑዋል የማይጻፍ። አለርቱ 02:10 ይላል፣ የቅርንጫፉ ጥበቃ ስልክ ሲደወልለት «መብራት የጠፋው ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ ነው» ይላል፣ ሁለቱም ልክ ናቸው፣ የሌሊት ሺፍቱ ልጅ ግን እንቅልፍ ይዞት ሁለት የተለያየ ብልሽት አድርጎ ይመዘግበዋል። የመጀመሪያው ገጽ ላይ በሁለቱም ሰዓት ጻፊ፣ ሳቂብኝ ግን ጻፊ።

ይሄን ሁሉ ለማወቅ እያንዳንዱን ዕቃ መንካት አለብሽ አይደል? እዚህ ጋ ነው አለቃሽን የምትይዢው። የዩፒኤስ ካርድ በዓይኔ ሳላይ አልጽፍም በይና ከልጆቹ ጋር ፊልድ ውጪ። አበሉም በዚያው ይመጣል።

የዱባዩን ነገር በግልጽ ልናገር፣ ቅር እንዳይልሽ። ወንድምሽ ራሱ እዛ ምን እንደሚሠራ አልጻፍሽልኝም፣ ቪዛውን ማን እንደሚያወጣልሽም አልጻፍሽም። በቪዚት ቪዛ ገብቶ መሥራት እዛ ሕገወጥ ነው፣ ሥራ ይገኛል ብሎ የሚጠራሽ ሰው የቀጣሪውን ወረቀት ያሳይሽ፣ ካላሳየ ናፍቆት ነው የጠራሽ፣ ናፍቆት ደግሞ ደሞዝ አይከፍልም።

እናትሽን በተመለከተ ያስቆጨኝ ሌላው ነው፣ ከደሞዝሽ ግማሹን ቤት ትሰጫለሽ፣ ወንድምሽም ይልካል፣ የሲሲኤንኤ መክፈያ ግን የለኝም ትያለሽ። ፈተናው 300 ዶላር ነው፣ ብሩ ከ2016 ሐምሌ ወዲህ የሆነውን ታውቂዋለሽ፣ ከወር ወጪ ተርፎ የሚከፈል ገንዘብ አይደለም። እናትሽን ቁጭ አድርገሽ «ለስድስት ወር ሩብ ነው የምሰጠው» በያቸው፣ ልዩነቱን ወንድምሽ ይሙላ፣ ለአውሮፕላን ቲኬት የሚሆን ብር ካለው ለዚህም አያጣም። ይከፋቸዋል፣ ያልፋል። ማስተርሱ አሁን አያስፈልግሽም።

አንድ ማስጠንቀቂያ፣ የባንኩን ዶክመንት ለኢንተርቪው ብለሽ ይዘሽ እንዳትወጪ፣ አይፒው ስሙ ሁሉ የነሱ ነው። ቤትሽ ላፕቶፕሽ ላይ ዛቢክስ ጫኚ፣ በነፃ ነው፣ አንድ ቨርቹዋል ማይክሮቲክ ራውተር አገናኚበት (ኤስኤንኤምፒው ሲመጣ ዝግ ነው፣ መክፈቱን እንዳትረሺ) ከዛ ለሱ የራስሽን ጻፊ፣ የምታሳዪው እሱን ነው።

ሰኞ በአንድ ዓይነት ዕቃ ብቻ ጀምሪ፣ በብዛት ያላችሁን የቅርንጫፍ ራውተር ያዢ። ገጹ ሲያልቅ በቅርቡ ለተቀጠረው ልጅ ስጪውና ከጀርባው ቆመሽ ዝም በይ፣ ዞሮ «ከዛስ?» እያለ ባየሽ ቁጥር ያቺን ቦታ በእስክሪፕቶ ምልክት አድርጊባት።