መልስ፦ ኤሲዬ በየጊዜው ጋዝ የሚጨርሰው ለምንድን ነው?

ወንድሜ፣ ድሬዳዋ ያለው ስፕሊት ኤሲህ (አንዱ ክፍሉ ቤት ውስጥ፣ ሌላው ውጭ የሚሰቀለው ማቀዝቀዣ) በዓመት ሦስቴ ጋዝ ተሞልቶለት አሁንም አልቀዘቅዝ ብሏል፤ ሠሪው ደግሞ «ጋዙ አልቆ ነው» ይልሃል። ጋዙ እንደ ቤንዚን ተቃጥሎ አያልቅም። ከጎደለ የሚያፈስበት ቦታ አለ ማለት ነው፤ ያ ሳይደፈን መሙላት ብርህን መበተን ነው።

መጀመሪያ የውጭው ክፍል ላይ ቱቦዎቹ የሚታሰሩባቸውን ሁለት የነሐስ ዳዶዎች እይ። ጋዙ ሲወጣ የኮምፕሬሰሩን (ጋዙን የሚያምቀውን ሞተር) ዘይት ይዞ ስለሚወጣ፣ አቧራ የጠጣ ቅባት ካለ ብዙ ጊዜ ቀዳዳው እዚያው ነው። የሳሙና አረፋ ቀባበት፤ ኩፍ ኩፍ ካለ አገኘኸው። ዳዶውን እያጠበቁ መሄድ አያዋጣም። የቱቦው አፍ ከተሰነጠቀ ተቆርጦ እንደገና መሠራት አለበት።

በአረፋ ካልታየ በናይትሮጅን ግፊት ይፈተሽ። ኦክስጅን ግን በፍጹም! ከዘይቱ ጋር ሲገናኝ ይፈነዳል።

ከጥገናው በኋላ ቱቦው ውስጥ ያለው አየርና እርጥበት በቫኪዩም ፓምፕ እስከ 500 ማይክሮን (ውስጥ የቀረው ግፊት መለኪያ ነው) ይሳብ። ብዙዎች የሚዘሉት ይህንን ነው፤ ውስጥ የቀረ እርጥበት ደግሞ ውሎ አድሮ ኮምፕሬሰሩን ይገድለዋል። ጋዙ በሚዛን ይሞላ፤ ዓይነቱና ክብደቱ የውጭው ክፍል ላይ በተለጠፈው ጽሑፍ አለ። ጋዙ አር-410ኤ የሚባለው ዓይነት ከሆነ በፈሳሽነቱ ነው የሚሞላው።

ሚዛንና ቫኪዩም ፓምፕ ሳይዝ ለመጣ ሰው ሥራውን አትስጠው።