ግፊቱ ደኅና ነው፤ ደሙስ ጣት ድረስ ይደርሳል?

በጤና ጣቢያ ድንገተኛ ክፍል የሚሠሩ አንዲት ነርስ እንዲህ ሲሉ ጠይቀዋል፦ «የሳንባ ምች ይዞት የመጣ ጎልማሳ ግፊቱ 104 በ78፣ የልብ ምቱ 124 ነበር። የደም ኦክስጅን የሚለካው የጣት ኦክሲሜትር አንዴ ያነባል፣ አንዴ ይጠፋል። ግፊቱ ደኅና ነው ብለን ተራ አስያዝነው፤ ከሁለት ሰዓት በኋላ ራሱን ሳተ። ትልቅ ማሽን በሌለበት የደም ዝውውሩ መዳከሙን እንዴት ቀድመን እንወቅ?»

ሲስተር፣ የግፊት መለኪያው የሚነግረን ደሙ የሚገፋበትን ኃይል እንጂ ጣት ድረስ የሚደርሰውን መጠን አይደለም። የውሃ ጎማን አፍ በአውራ ጣት ሲያጠብቡት ውሃው ርቆ ይፈናጠራል፤ ባልዲው ግን ቶሎ አይሞላም። የታመመ ሰውነትም የእጅና የእግር ደም ሥሮችን አጥብቦ ግፊቱን ለጊዜው ያቆየዋል።

ፍንጩ በጻፉልኝ ቁጥሮች ውስጥ ነበር። ከ104 ላይ 78 ሲቀነስ 26 ይቀራል፤ በጤናማ ሰው 40 ገደማ ነው። ልብ በአንድ ምት የምትረጨው ደም ሲያንስ ይህ ልዩነት ይጠብባል። ደግሞም የልብ ምቱን ለላይኛው ግፊት ያካፍሉት፦ 1.2 ገደማ ይመጣል። ጤናማ ጎልማሳ ከ0.5 እስከ 0.7 ነው፤ 1 ያለፈውን እኔ ከዐይኔ አላርቅም።

ኦክሲሜትሩ የሚያነበው ከደም ትርታ ስለሆነ፣ ትርታው ሲደክም ይጠፋበታል። የጥፍር ቀለምና ሂና የሌለበት ጣት መርጠው፣ አሙቀውም ካላነበበ በራስዎ ጣት ይሞክሩት። በእርስዎ ላይ ካነበበ ማሽኑ አልተበላሸም።

አሁን ወደ ዋናው። ላቦራቶሪያችሁ የወባ ስላይድ (የደም ናሙና የሚቀባበት ስስ መስታወት) አያጣም። በንጹሕ ስላይድ የቀኝ ጠቋሚ ጣቱን ጫፍ በውስጥ በኩል እስኪነጣ ይጫኑ፣ 10 ሰከንድ ያቆዩና ይልቀቁ። ቀለሙ እስኪመለስ በሰዓት ይቁጠሩ፤ በጥድፊያ መሐል በልብ የሚቆጠር ሰከንድ አይታመንም። ከ3 ሰከንድ ካለፈ ደሙ ዳር መድረስ አቅቶታል ማለት ነው። ብርድና ደብዛዛ መብራት ግን ያሳስታሉ።

ይህን የድሃ መላ አድርገው የሚንቁት አሉ። በ2019 በወጣ ጥናት፣ በአምስት የደቡብ አሜሪካ አገሮች 424 የሴፕቲክ ሾክ (ከባድ ኢንፌክሽን የደም ዝውውርን ሲያዳክም የሚመጣ አደጋ) ሕሙማን ታይተው ነበር። ሕክምናቸው በዚህ የጣት ምርመራ ከተመራው በ28 ቀን ውስጥ የሞቱት 34.9 በመቶ፣ በደም ላክቴት (የደም ዝውውር ሲዳከም በደም ውስጥ የሚበዛ ንጥረ ነገር) ልኬት ከተመራው 43.4 በመቶ ነበሩ። ልዩነቱ በስታቲስቲክስ ሚዛን አልጸናም፤ ጣትን ለመናቅ ግን ምክንያት አላገኘሁበትም።

የጣቱ ቀለም ለመመለስ ዘገየ ብለው ግን በደም ሥር ፈሳሽ አያጉርፉበት። በዛምቢያ ተሠርቶ በ2017 በወጣ ጥናት፣ ኢንፌክሽን መላ ሰውነታቸውን ያወከባቸው፣ ግፊታቸው የወረደ የሴፕሲስ ሕሙማን (አብዛኞቹ ኤችአይቪ በደማቸው ያለ) ብዙ ፈሳሽ ቶሎ ሲሰጣቸው 48.1 በመቶው ሞቱ፤ በተለመደው ሕክምና የሞቱት 33 በመቶ ነበሩ። ስለዚህ በትንሽ በትንሹ ይስጡ፤ በየመሐሉ ሳንባውን ያዳምጡ፣ በተለይ እንዲህ ያለውን የሳንባ ምች ሕመምተኛ።

ሰከንዱን ከግፊቱ ጎን ካርዱ ላይ ይጻፉ፤ ከ30 ደቂቃ በኋላ ይድገሙት። ካልቀነሰ ግፊቱ እስኪወርድ ሳይጠብቁ ሪፈር ጽፈው አምቡላንስ ይጥሩ።