የሀገር ቤት ምርጫን ከሩቅ ለምትከታተለው እህታችን

እህቴ፣ ጥያቄሽን አነበብኩት። ከባሕር ዳር ወጥተሽ ዋሽንግተን ከገባሽ ወዲህ ምርጫ በመጣ ቁጥር እንቅልፍ እንደሚነሳሽ፣ ደውለሽ «ማንን መረጣችሁ?» ስትዪ እናትሽ ወሬ እንደሚቀይሩብሽ ጽፈሻል። «ሌሎቻችሁ እንዴት ቻላችሁት?» ብለሻል። እኔ እዚያው ከተማ ብዙ ዓመት ኖሬ አሁን ባሕር ዳር፣ ሽምብጥ ሰፈር ተመልሻለሁ። የማውቀውን ልንገርሽ።

ከውጭ ሆኖ ድምፅ መስጠት በእኛ ሕግ የለም። ለመመዝገብ በምርጫ ክልሉ ቢያንስ ስድስት ወር መኖር ያስፈልጋል። የሌላ ሀገር ዜግነት የወሰደማ ጭራሽ አይመርጥም። ይሄ ያማል። ቀላል ነው አልልሽም።

ግንቦት 7 ቀን 1997 ዓ.ም. ምርጫ ሲካሄድ ዋሽንግተን ነበርኩ። እዚህ ምርጫ ጣቢያ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ሲከፈት ዋሽንግተን ገና የዋዜማው ምሽት 5 ሰዓት ነው። ሌሊቱን ሙሉ ሰው እየመረጠ ነው ማለት ነው፤ ማን ይተኛል? ያኔ ቴሌግራም የለም። የስልክ ካርድ ገዝተን እንደውላለን፤ የአሜሪካ ድምፅንና የጀርመን ድምፅን እንጠብቃለን። በቴሌቪዥን የተላለፉት የፓርቲዎች ክርክሮች ተስፋችንን ሰማይ አድርሰውት ነበር። ከዚያ ውጤቱ ዘገየ። ሰኔ ላይ አዲስ አበባ ውስጥ ሰው ተገደለ። የሞባይል አጭር መልእክትም ተዘጋ፤ የተከፈተው ከሁለት ዓመት በላይ ቆይቶ ነው።

በዚያ ሰሞን እናቴ ስልክ ላይ «ደህና ነን፣ ዝናቡም ጥሩ ነው» ከማለት አታልፍም ነበር። ልክ ነበረች። እኔ ዋሽንግተን ተቀምጬ ለምናገረው ማንም አይጠይቀኝም። እሷ ግን መታወቂያ ለማሳደስም ሆነ ደብዳቤ ለማጻፍ ያው ቀበሌ ትሄዳለች። ከጎረቤቶቿ ጋር ያው ዕድር ላይ ትቀመጣለች። ስለዚህ ማንን እንደመረጠች ጠይቄያት አላውቅም። «ወረፋው አላደከመሽም? ማን አብሮሽ ሄደ?» ስላት ግን ራሷ ታወራኛለች። አረጋውያንና ነፍሰ ጡሮች ቀድመው እንደገቡ፣ ማን ምን ለብሶ እንደመጣ ሳይቀር። አንቺም እናትሽን እንዲህ ጠይቂያቸው። «እከሌን ይምረጡ» ብለሽ ግን በፍጹም አታስጨንቂያቸው። ድምፁ የእሳቸው ነው።

ስለ ውጤት ደግሞ ትዕግሥት ይኑርሽ። በ2013 ድምፅ የተሰጠው ሰኔ 14 ነበር፤ ምርጫ ቦርድ ውጤቱን ያሳወቀው ሐምሌ 3። ቆጠራ ሲያልቅ በየጣቢያው የውጤት ወረቀት ይለጠፋል። ስልክሽ ላይ የሚዘንበው ፎቶ ብዙ ጊዜ እሱ ነው፤ እውነተኛ ቢሆን እንኳ የአንድ ጣቢያ ብቻ ነው። ቦርዱ ሳይናገር «አሸነፍን» የሚል ነገር ለማንም አታስተላልፊ። አንቺ እዚያ የላክሽው ዞሮ እዚህ ይመጣል፣ እዚህ ያለውን ጎረቤት ያጋጫል። ይህን በጣም አደራ እልሻለሁ።

አንድ ነገር ደግሞ በጣም ጠቅሞኛል። የተወካዮች ምክር ቤቱን 547 ወንበር በሙሉ ተሸክሞ ማደር አይቻልም። እኛ ጋ በአንድ ምርጫ ክልል ብዙ ድምፅ ያገኘው ያልፋል። የባሕር ዳርን ያዢ። እነማን ተወዳደሩ? ስለ ጣና እምቦጭ፣ ስለ መንገዱ፣ ስለ ሰላሙ ምን አሉ? ያሸነፈው ሰው ምክር ቤት ገብቶ ምን ተናገረ? ስብሰባዎቹ በቴሌቪዥን ይተላለፋሉ፤ ከምርጫው በኋላም ተከታተያቸው። የማይገባሽ ነገር ካለ እዚሁ ጻፊልኝ፣ የማውቀውን እመልስልሻለሁ።